የማይነካ ልጅ ይዤ ከጢቾ እስከ አሰላ

አሰላ ደርሼ ከተመለስኩ ወዲህ፣ መሠረተ ትምህርት አብረውኝ የተማሩት ሴቶች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ዝም ብለው አያሳልፉኝም። አንዷ «የከተማው መብራት እንዴት ነው?» ትላለች፤ ሌላዋ «ልጁን ምን አደረጉት?» ትላለች። ለአንዷ ተናግሬ ሳልጨርስ ሌላዋ ከመሃሉ ታስጀምረኛለች። ደከመኝ። ፊደል ያስቆጠሩን ለዚህም ቀን ነው ብዬ ጻፍኩት። ማንበብ የዘለቀላት ላልዘለቀላት ታንብብላት። የተጣመመ ፊደል ካገኛችሁ ልጅ ታቅፋ ነው የጻፈችው ብላችሁ እለፉት።

መጀመሪያ ስለ ልጁ። ወሩ ሳይሞላ መጣ። በዚህ ዕድሜዬ አረገዝኩ ብዬ በወጉ ሳላወራ፣ ማጀት ውስጥ ሆዴን ቆረጠኝና ወለድኩት። ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው፤ ደም ሥሩ ከሥር ይታያል። የባለቤቴ ታላቅ እህት እትዬ አስካለ አዩትና «እጅ እንዳታሳርፉበት፤ እንዲህ ያለውን ልጅ እጅ ያቀልጠዋል» አሉ። የታጠበ የበግ ጠጉር ነጭተን በዚያ ውስጥ አስተኛነው። እንዳይደነግጥም እጁንና እግሩን አጥብቀን ጠቀለልነው። ወተቴን እያለብኩ በጥጥ ከንፈሩ ላይ ጠብ አደርግለታለሁ፤ ይውጣል። ከዚያ በቀር ምንም የለም። ጡት ለመፈለግ አይዞርም፤ አያለቅስም። ስም ስላልወጣለት «እንግዳው» እንለው ነበር።

አንድ ጠዋት ጨርቁን ስቀይር ከምድጃው ፍንጣሪ ዘሎ ተረከዙ ላይ አረፈ። እኔ ጮህኩ። እሱ አልጮኸም። ተረከዙ ውኃ ቋጠረ፤ እሱ ግን ዓይኑን እንኳን አልገለጠም።

ፍርሃት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እሳት የማይሰማው ልጅ ምን ሊሰማው ነው? ታላቁን ልጄን ብሔራዊ ውትድርና ወስዶብኝ ወሬው ከጠፋ ቆይቷል። ይሄኛው ደግሞ ክርስትና ሳይነሳ፣ እናት እንዳለችው እንኳን ሳያውቅ እጄ ላይ ሊቀርብኝ ነው። የጢቾው ጤና ረዳት አይቶት ራሱን ነቀነቀና «አሰላ ውሰጂው» አለኝ።

ማክሰኞ

ገበሬ ማኅበሩ ይለፍ የጻፈልን ለሁለት ሰው ብቻ ነው። ባለቤቴ የማኅበር እርሻ ላይ ስለተመደበ እትዬ አስካለ ተነሡ። እኔ በቅሎ ላይ፣ እሳቸው በእግራቸው። አራስ ስለሆንኩ ብረት መያዝ አለብኝ፤ ከሰይጣንም ከሰው ዓይንም ይጠብቃል ይባላል። የሽንኩርት መክተፊያዬን ትንሽ ቢላዋ በክር አንጠልጥዬ ከቀሚሴ ሥር ደረቴ ላይ አኖርኳት። እንግዳው በጠጉሩ፣ በጨርቁ፣ በጋቢው ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ ሆነ። ባለቤቴ እስከ ገላማ ተራራ አፋፍ ሸኘን። ሊሰናበት ሲል ጣቱን ወደ ልጁ ጉንጭ ዘረጋ፤ እህቱን አየና መልሶ አጠፈው።

ጢቾ ብርድ አለ የምትሉ ገላማን ውጡ። እዚያ ላይ ዛፍ የሚባል የለም፤ ድንጋይና ጓሳ ብቻ ነው። እኩለ ቀን ላይ ጉሙ ወረደና በረዶ ጣለብን። በቅሎዋ አልሄድም አለች።

«ነይ እንጂ አንቺ!» አሏት እትዬ። «አንቺም እንደ እኔ እግርሽን አመመሽ?»

ከቁልቁለቱ በታች ከነበረ ጎጆ አንዲት ሴት ብቅ ብላ «ኮቱ! ኮቱ!» እያለች በእጇ ጠራችን። ኑ ማለቷ ነው። ሀደ ሁሴን፣ የሁሴን እናት፣ ይሏታል። በዕድሜ እኩያዬ ትሆናለች። አማርኛውን ገበያ ላይ የለመደችው ነው፤ ግን ቃል አያልቅባትም።

«አራስ በበረዶ ታወጣላችሁ? ምን ዓይነት ባል ነው ያለሽ?»

«ባሌ አይደለም፤ ሐኪሙ ነው የላከኝ» አልኳት።

«እንግዲያው እሱም እንደ ባል ነው።»

እሳት ዳር አስቀመጠችን። ሥጋቸውን እንደማንበላ ስለምታውቅ የሚያስጨንቅ ነገር ሳታነሳ ትኩስ ወተትና ጩኮ አቀረበች። ጩኮ ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በቅቤ የታሸ ነው። እኛም እንሠራለን፤ የእነሱ ቅቤ ግን አይሰሰትበትም። የልጇ ሚስትም አራስ ኖራ ግንባሯ ላይ ቀነፋ አስራለች፤ የአርሲ አራሶች የሚያስሩት ትንሽ እንጨት ነው። ሀደ ሁሴን በቀሚሴ በኩል የምታስቸግረኝን ቢላዋ አይታ «እሱ ምንድን ነው?» አለችኝ። አሳየኋት። ሳቀች።

«እናንተ ብረት፣ እኛ እንጨት! የፈራነው ግን አንዱን ነው።»

ከዚያ የልጅ ልጇን ራቁቱን ጭኗ ላይ አስተኝታ በቅቤ ታሸው ጀመር። ትጠመዝዘዋለች፣ ትገለብጠዋለች፣ ቂጡን ቸብ ታደርገዋለች። ልጁ እግሩን ያወራጫል፣ ይነጫነጫል፣ መልሶ ዝም ይላል። እኔ በጭኔ ላይ ያለውን ጥቅል አየሁና እንደ ጆንያ ሆነብኝ፤ ውስጡ ሰው ያለበት አይመስልም።

«ያንቺንስ? አምጪው እስቲ ልቀፈው።»

«አይነካም!» አሉ እትዬ አስካለ ከአፌ ነጥቀው።

«የማይነካ ልጅ አለ እንዴ? ታቦት ነው?»

እትዬ ፊታቸው ተለዋወጠ። ሊቆጡ ነው ስል ሳቅ አመለጣቸው። ሀደ ሁሴንም አልተቀየመችም።

«እሺ። ስትመለሱ እነካዋለሁ» አለች።

ስትመለሱ ማለቷን ያዝኩት። ተኝቼም እሱን ነበር የማስበው።

ረቡዕ

በቅሎዋን ሀደ ሁሴን ዘንድ ትተን በጠዋት ወደ ሳጉሬ ወረድን። መሬቱ እንደ እኛው አገር ገብስ ነው፤ ግን ሜዳው ይሰፋል፣ ጎጆውም ተራርቆ ነው የተሠራው። ሳጉሬ ላይ ገብስ የጫነ መኪና አገኘን። ሾፌሩ አራስ መሆኔን ሲያይ ከጎኑ አስቀመጠኝ፤ እትዬ ጆንያው ላይ ወጡ። ብዙም ሳንሄድ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ ሲፈታ፣ ሲለጥፍ፣ ሲነፋ፣ እትዬ ከላይ ሆነው አመራር ይሰጣሉ።

«በደንብ ንፋው እንጂ! ቁርስ አልበላህም?»

«እማማ፣ እርስዎ ይውረዱና ይቀልለዋል!»

ኬላው ጋ ስንደርስ ሁሉም ወረደ። አንድ ጎረምሳ ጠባቂ ይለፋችንን አየና በጠመንጃው አፈሙዝ ወደ ጭኔ አመለከተ።

«ጓዲት፣ ይሄ ጥቅል ምንድን ነው?»

«ልጅ ነው።»

«ልጅ ነው? ልጅ አያለቅስም እንዴ?»

 ጋቢውን ልገልጥለት ጎንበስ ስል ቢላዋዋ ከቀሚሴ አፈትልካ ተንጠለጠለች። «መሣሪያ!» ብሎ ወደ ኋላ ዘለለ።  ሰው ሁሉ ጸጥ አለ፤ ከእትዬ አስካለ በቀር።

«አዎ! በዚች የሽንኩርት መክተፊያ መንግሥት ልንገለብጥ ነው የመጣነው!»

 በዚህ ዘመን እንዲህ አይቀለድም። ደግነቱ ጥላ ሥር የተቀመጡ አንድ ሸበቶ ሚሊሺያ ነበሩ፤ ጢማቸውን እያሹ መጡና ቢላዋዋን አዩ።

«ተዋት ልጄ፤ አራስ ናት። ባለቤቴም በእያንዳንዱ ወሊድ ማጭድ ታቅፋ ነው የምትተኛው። እኔን ሁለቴ ወግታኛለች።»

ጎረምሳውም ሳቀ። አለፍን። የእሱ ጥያቄ ግን ከእኔ ጋር አሰላ ድረስ ሄደ።

አሰላን ላላያችሁ፦ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ የተዘረጋ ከተማ ነው። እኛ ጢቾ በቆርቆሮ ጣሪያ የምንጠራቸውን ቤቶች ብትቆጥሩ፣ እዚያ አንድ መንደር አይሞሉም። ግድግዳው ሁሉ መፈክር ነው። ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ ከተማ ስገባ የመጀመሪያዬ ነበርና፣ በዚያ ሁሉ ጭንቄ መሃል እንኳን «ወደፊት» የምትለውን ቃል አንብቤ ደስ አለኝ። ሆስፒታል ስንደርስ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። አልጋ ሰጡን። እትዬ ከአልጋው አጠገብ ሰሌን ዘረጉ። ጎረቤታችን ከኦጎልቾ የመጣች አስታማሚ ነበረች፤ ሳንጠይቃት ከእንጀራዋ ቆርሳ፣ ከሽሮዋ ጨልፋ ሰጠችን።

ሐሙስ

ሐኪሙ የኩባ ሰው ነው። ረጅም፣ ጢማም፣ ሲራመድ የሚቸኩል፤ አማርኛው ከአሥር ቃል አይበልጥም። ለሁሉም «አንቺ» ነው የሚለው፣ ለወንድም ለሴትም፣ ለትንሽም ለትልቅም። የሚያስተረጉምለት ሲስተር ዘይነባ ናት፤ የአሰላ ተወላጅ፣ ከአንዷ በሽተኛ ጋር በኦሮምኛ ጀምራ ከሌላዋ ጋር በአማርኛ የምትጨርስ ልጅ።

ጋቢውን ፈታ፤ ጨርቁን ፈታ፤ ጠጉሩን ገላለጠ። ጉንጩን ነካው፤ መዳፉን ነካው፤ የተቃጠለውን ተረከዝ አገላብጦ አየ። ልጁ ዝም። እኔ የማየው የሐኪሙን ፊት ነው። በራሱ ቋንቋ የሆነ ነገር ተናገረ።

«ማን ማን ነው የሚነካው ይላል» አለች ሲስተር ዘይነባ።

«ማንም!» አልኩ፤ እውነቴን ነው፣ በኩራት ነው ያልኩት። «እኔ እናቱ እንኳን በጥጥ ነው።»

ሐኪሙ ጠጉሩን መልሶ ደረበለት። ከዚያ ረጅም ነገር ተናገረ።

«ደግ አደረጋችሁ፤ ጠጉሩ ባይኖር ብርዱ ይገድለው ነበር ይላል። ግን ስሙ እማማ። ልጅ በሆድ ሳለ ከሁሉ ቀድሞ የሚነቃው ዓይኑ አይደለም፣ ጆሮውም አይደለም፤ ቆዳው ነው። መጀመሪያ ከንፈሩ ዙሪያ፣ ኋላ መዳፉ፣ እያለ እያለ ገላው ሁሉ። እግሩን ሲዘረጋ የሆድዎ ግድግዳ ይነካዋል፤ ሲገላበጥ ይነካዋል። በተነካ ቁጥር አእምሮው ይሄ እግሬ ነው፣ ይሄ ጀርባዬ ነው እያለ ይማራል። ይሄኛው ትምህርቱን ሳይጨርስ ወጣ። እዚህ ደግሞ የሚነካው አጣ።»

«እሳቱስ?» አልኳት። «እሳት እንኳን አላስለቀሰውም!»

ጠየቀችው። ሐኪሙ ተረከዙን በአውራ ጣቱ ደገፍ አድርጎ ይዞ መለሰላት።

«ቆዳው ሳይሰማው አልቀረም ይላል። አእምሮው ግን እሳትንም፣ ጨርቅንም፣ የእናትንም እጅ ገና አልለየም፤ የነካው ሁሉ አንድ ድንጋጤ ነው የሚሆንበት። ሲበዛበትና የሚያለቅስበት አቅም ሲያጣ እንዲህ ጭልጥ ብሎ ዝም ይላል።»

«እርግጠኛ ነው ወይ?»

«አይደለም። እናያለን ነው የሚለው።»

የሙቀት ሳጥን የሚሉት ነገር አላቸው፤ ውስጡ መንታዎች ተኝተውበታል። ሐኪሙ ወደ ሳጥኑ አመለከተና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ጣቱን ወደ ደረቴ ቀሰረ።

«ግድግዳ፣ አንቺ።» ወደ እትዬ አስካለ ዞረ። «አንቺም ግድግዳ።»

«እኔን ነው አንቺ የሚለኝ?» አሉ እትዬ።

ቀሚሴን አስከፈቱኝ። ሲስተር ዘይነባ እንግዳውን ራቁቱን አንስታ ደረቴ ላይ ደፋችው፤ ጋቢውን ከላይ ደረበችልን። ከወለድኩት ጀምሮ ገላውን ከገላዬ ጋር ሳገናኘው የመጀመሪያዬ ነበር። ክብደት የለውም። ይቀልጣል ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። ሲስተር ወደ ላይ ገፋ ስታደርገው፣ ያች የረሳኋት ቢላዋ ከክሯ ዞራ በጀርባዋ እግሩ ላይ አረፈች። ኬላው ላይ ካፈተለከች ወዲህ ከቀሚሴ ውጭ ተንጠልጥላ ነበርና፣ በአሰላ የጠዋት ብርድ ብረቱ በረዶ ሆኗል።

እንግዳው እግሩን ሰበሰበ።

ፊቱ ተጨማደደ፤ አፉ ተከፈተ፤ መጀመሪያ ድምፅ አልወጣም። ከዚያ እንደ ድመት ግልገል ያለ ቀጭን ጩኸት ወጣ።  ሐኪሙ እጁን አጨበጨበ። እትዬ አስካለ በዚያ ሁሉ በሽተኛ መሃል እልልታቸውን ለቀቁት።

«አላልኩም! ብረቱ ሰይጣኑን አባረረው!»

ሐኪሙ ምን እንዳሉ ጠየቀ። ሲስተር ዘይነባ የአራስ ብረት ምን እንደሆነ ስታስረዳው በትኩረት ሰማት። ቢላዋዋን በቀስታ ከአንገቴ አወለቀና መስኮቱ ላይ አኖራት።

«ከዚያ ሆኖ ይጠብቀው ይላል» አለች ሲስተር።

እኔ አለቀስኩ። ልጄ ይሰማዋል።

ዓርብና ከዚያ በኋላ

ደስታዬ አልቆየም። እንግዳው አሁን በሁሉ ነገር መጮህ ጀመረ። ጨርቅ ሲነካው ይጮሃል፤ ንፋስ ሲነካው ይጮሃል። እኔ እጄን ሳሳርፍበት ልክ ብረቱ ሲነካው እንደጮኸው ይጮሃል። ልዩነት የለውም። እጄን አየሁት፤ የማገዶና የአመድ እጅ ነው፣ ሻካራ ነው። ከልጄ ዘንድ ከቢላዋ እኩል ሆንኩ ብዬ ሆዴ ባባ።

«አይዳብሱት» አለችኝ ሲስተር ዘይነባ። «መዳበስ ይበዛበታል። እጅዎን ያሳርፉና ይተዉት። እንዲለምደው ጊዜ ይስጡት።»

አሳረፍኩና ተውኩት። አንዱን እጅ ራሱ ላይ፣ አንዱን ጀርባው ላይ። እንደዚያ ሆኜ ሳስብ መሠረተ ትምህርት ትዝ አለኝ። ሴቶች፣ ታስታውሱ የለ? ፊደሉ መጀመሪያ የዶሮ ጭረት ነበር። ሰሌዳው ላይ የተደረደረው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ገና ሳየው ራሴን ያመኝ ነበር። መምህሯ እጄን በእጇ ይዛ ጠመኔውን እየገፋች አንዱን ብቻ ደጋግማ አጻፈችኝ። ከዚያ አንድ ቀን ገበያ ላይ፣ ስኳር የነበረበት ጆንያ ላይ «ስ»ን አየኋት። ከሌሎቹ መሃል ብድግ ብላ ቆማ ነበር። ከእሷ ወዲያ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተለዩ። ታዲያ ይሄም ልጅ ገና ጭረቱን ነው የሚያየው ማለት ነው። የእኔ እጅ አንዲት ፊደል ናት። እስኪለያት ድረስ ያችኑ ልድገምለት አልኩ።

ደገምኩለት። ስተኛ ደረቴ ላይ፣ ስቀመጥ ደረቴ ላይ። ስደክም እትዬ አስካለ መቀበል ነበረባቸው። መጀመሪያ እምቢ አሉ።

«በዚህ ዕድሜዬ ደረቴን ልገልጥ? ወልጄ እንኳን አላውቅ!»

«አንቺም ግድግዳ» አለ ሐኪሙ ሲያልፍ።

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ከፈቱ። ልጁን ሳስቀምጥላቸው ያቀልጠዋል ባሉት እጅ ደገፉት። እንግዳው ጮኸ፣ ጮኸ፣ ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው። እትዬ ቀኑን ሙሉ አልተንቀሳቀሱም። የኦጎልቾዋ ሴት ምግብ ስታቀርብላቸው እንኳን «እንዳትቀሰቅሺው» ብለው በዓይናቸው አባረሯት።

እንዲህ እያልን ሰነበትን። ጩኸቱ አጠረ። የመንታዎቹ እናት ስታነሳው የሚጮኸው ልጅ ወደ እኔ ሲመለስ ቶሎ ዝም ማለት ያዘ። እኔ ግን ገና ፈርቼ ስለነበር ለማንም አልተናገርኩም። ሐኪሙ ልጁ ከጡቴ መጥባቱን ሲያይ ወደ በሩ አመለከተና «አገር፣ ሂጂ» አለኝ። ከዚያ ቢላዋዋን ከመስኮቱ አንስቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

መልስ

ኬላው ላይ ያው ጎረምሳ ነበር። ሳይጠይቀኝ እንግዳው ራሱ ጮሆ መለሰለት።

ሀደ ሁሴን ከጎጆዋ ወጥታ ጠበቀችን። እትዬ አስካለ ልጁን ከብብቴ አውጥተው፣ በራሳቸው እጅ፣ ለእሷ ሰጧት።

«ንኪው» አሏት። «በደንብ ንኪው።»

ጣቷን ጉንጩ ላይ አሳረፈች። እንግዳው ራሱን አዞረ፤ አፉን ከፍቶ ጣቷን ፈለገ። «እዩት ሌባውን! ጣቴን ሊበላ!» ብላ ሳቀች፤ ራሷም እንባዋን ጠረገች።

ጢቾ ከገባን በኋላ ክርስትናው ደረሰ። ቄሱ ተቀብለው ውኃው ውስጥ ሲነክሩት፣ ቤተ ክርስቲያኑ እስኪሞላ ጮኸ። የሰው ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እናት ነኝና አባብይው ነው። እኔ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ እስቅ ነበር። ውኃው ቀዝቃዛ መሆኑን ልጄ አውቋል።

አውጥተው በነጭ ጨርቅ ጠቀለሉት፤ አሁንም ይጮሃል። ክርስትና አባቱ አባበለው፤ ይጮሃል። አንዷ ጎረቤት ተቀበለች፤ ይጮሃል። ለእኔ ሲሰጡኝ አልወዘወዝኩትም፤ እሽሩሩም አላልኩትም። ያንን ሻካራ እጄን በጨርቁ ሥር አስገብቼ ጀርባው ላይ አሳረፍኩና ተውኩት።

ዝም አለ። ጭልጥ ያለውን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ያ አይደለም። ዓይኑ ክፍት ነበር። ከነካው ነገር ሁሉ መሃል አንዷን ለይቷል።